የሆስፒታል ስልክ ሲጠፋ በሃም ሬዲዮ ማገልገል፦ አሜሪካ ላላችሁ ዝርዝር መመሪያ

የሆስፒታል ስልክ የሚጠፋው የግድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወይም መሬት ሲንቀጠቀጥ አይደለም። አንዳንዴ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ኬብል ይበጥሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰርቨር ይቆማል። ዛሬ የብዙ ሆስፒታል ስልክ የሚሠራው በኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ከወደቀ ፋርማሲው፣ ላቦራቶሪው፣ ደም ባንኩና ድንገተኛ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይደነቁራሉ። «ሞባይል አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። ምድር ቤት ያለ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ነው አማተር ሬዲዮ፣ በተለምዶ ሃም ሬዲዮ የሚባለው፣ የሚገባው። በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ ከ1980 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆስፒታሎችን ብቻ የሚያገለግል የሃም ኦፕሬተሮች ቡድን አለ። ስሙ ሆስፒታል ዲዛስተር ሰፖርት ኮሙኒኬሽንስ ሲስተም ይባላል። አባላቱ ሬዲዮ ይዘው በየክፍሉ ይቆማሉ፣ ነርሷ የጻፈችውን መልእክት ለሌላው ክፍል ያደርሳሉ። ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

በአሜሪካ ከእኛ ሰው ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ብዙ ነው። ነርስ አለ፣ ቴክኒሻን አለ፣ ጽዳትና ፓርኪንግ ላይ ያለም አለ። ሕንፃውንና ቋንቋውን ቀድሞ ስለሚያውቅ ለዚህ አገልግሎት ሩቅ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሆስፒታሉ የሚፈልገው ሬዲዮአችሁን አይደለም። የሚፈልገው ቀድሞ የሚያውቀውን፣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ያለና አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ መልእክት የሚያደርስ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንደዚያ ያለ ሰው ስለመሆን ነው።

1. ፈቃዱን አውጡ

ፈቃዱን የሚሰጠው ኤፍሲሲ፣ የፌደራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ ቴክኒሻን፣ ጄኔራልና ኤክስትራ። ለሆስፒታል ሥራ ቴክኒሻን ይበቃል። በአንድ ከተማ ውስጥ የሚሠራባቸውን ቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ ባንዶች (የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች) ሙሉ በሙሉ ይከፍትላችኋል። ጄኔራልን በኋላ ብታወጡ ደስ ይላል፣ ለመጀመር ግን እሱን አትጠብቁ።

ፈተናው 35 ምርጫ ጥያቄ ነው፣ 26 የመለሰ ያልፋል። የሚመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይፋ ከሆነ ዝርዝር ነው የሚወጡት። ዝርዝሩ ወደ 400 ጥያቄ ይጠጋል። በነፃ የሚያለማምዱ ድረ ገጾችና የስልክ አፖች አሉ። በሽፍት መካከል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጠና ሰው በጥቂት ሳምንት ይደርሳል። ሞርስ ኮድ አይጠየቅም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ዜጋ መሆን አለብኝ ወይ?» ነው። የለባችሁም። ሕጉ የሚከለክለው የሌላ አገር መንግሥት ተወካይ የሆነን ሰው ብቻ ነው። የአሜሪካ የፖስታ አድራሻና ኢሜይል ግን ያስፈልጋል። አድራሻው በኤፍሲሲ ዳታቤዝ ላይ ለማንም ይታያል፤ የቤታችሁን ማስፈር ካልፈለጋችሁ ፖስታ ሣጥን ቀድማችሁ ያዙ።

ከፈተናው በፊት በኤፍሲሲ ድረ ገጽ ተመዝግባችሁ ኤፍአርኤን የሚባለውን መለያ ቁጥር አውጡ። ፈተናውን የሚሰጡት በጎ ፈቃደኛ ፈታኞች ናቸው፣ በአካልም በኦንላይንም ይሰጣል። የፈተና ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ 15 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው። ካለፋችሁ በኋላ ለኤፍሲሲ 35 ዶላር ትከፍላላችሁ። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ኮል ሳይናችሁ (በአየር ላይ የምትታወቁበት የፊደልና የቁጥር መለያ) ዳታቤዙ ላይ እስኪወጣ ድረስ ሬዲዮ ገዝታችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ፣ መናገር ግን አይቻልም።

ይህ ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ አያሠራችሁም። አገር ቤት የታወቀው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለው የክለቡ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። ለእረፍት ስትሄዱ የእጅ ሬዲዮ ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ጉምሩክ ላይ ራሳችሁን አታስጠይቁ።

2. ብቻችሁን አትሂዱ፣ ቡድን ፈልጉ

አዲስ ፈቃድ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ «ልርዳችሁ» ማለት ነው። እንግዳ ተቀባይዋ በትሕትና ታሰናብተዋለች፣ እሷም እውነት አላት። መንገዱ በቡድን በኩል ነው።

የአሜሪካ የሬዲዮ አማተሮች ማኅበር ኤአርአርኤል ኤሪዝ የሚባል የድንገተኛ ጊዜ አገልግሎት አለው። ይህ አገልግሎት ከ1935 ጀምሮ ያለ ነው። በየካውንቲው አስተባባሪ አለው። የእናንተን ካውንቲ አስተባባሪ ፈልጉና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ከሆስፒታሎች ጋር የምትሠሩት ማን ነው?» በአንዳንድ ቦታ ለሆስፒታል ብቻ የቆመ ቡድን አለ። በሌላ ቦታ የካውንቲው ጤና ቢሮ ራሱ ያደራጀው ይሆናል።

ቡድኑ በሳምንት አንድ ምሽት «ኔት» ይኖረዋል። ሁሉም በአንድ ሪፒተር (ድምፅን ተቀብሎ ርቆ እንዲሰማ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ላይ ተራ በተራ ኮል ሳይኑን ጠርቶ «አለሁ» የሚልበት ስብሰባ ነው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከዚያ ግቡ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን ድምፃችሁን የሚያውቁት እዚያ ነው፣ በጭንቅ ቀን የሚያምኑትም የሚያውቁትን ድምፅ ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ በመላ አገሪቱ የሚደረገው ዓመታዊ የልምምድ ቀንም እንዳያመልጣችሁ።

ቡድኑ የፌማን፣ የፌደራሉን የአደጋ አስተዳደር ድርጅት፣ ነፃ የኦንላይን ኮርሶች እንድትወስዱ ይጠይቃል። የተለመዱት አይኤስ-100፣ 200፣ 700 እና 800 ናቸው። እያንዳንዳቸው በጥቂት ሰዓት ያልቃሉ። ደረቅ ናቸው፣ ነገር ግን ኮማንድ ፖስት (አደጋው የሚመራበት ክፍል) ውስጥ ማን ለማን እንደሚታዘዝ ያስተምራሉ። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው የሁሉንም ትእዛዝ ለመፈጸም ሲሮጥ ይውላል።

ቡድን ከሌለስ? ያኔ ከሁለት ሦስት ኦፕሬተር ጋር ሆናችሁ የሆስፒታሉን የድንገተኛ ዝግጁነት ኃላፊ በቀጠሮ አግኙ። ጥሩ መግቢያ አላችሁ፦ በ2016 የወጣው የሜዲኬርና ሜዲኬድ ደንብ ሆስፒታሎች ከዋናው የመገናኛ መንገድ ሌላ አማራጭ በእቅዳቸው እንዲኖር ይጠይቃል። ኃላፊው ያንን ክፍተት የሚሞላ ሰው እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ስለ ሬዲዮ ቴክኒክ አታውሩት። «ስልካችሁ አሁን ቢጠፋ ኢአር (ድንገተኛ ክፍሉ) ለደም ባንክ እንዴት ይናገራል?» ብላችሁ ጀምሩ፣ ቀሪውን እሱ ይጨርሰዋል።

3. የሆስፒታሉ ወረቀት

ብዙ ሆስፒታሎች በጎ ፈቃደኛን እንደ ሠራተኛ ነው የሚያጣሩት። የጀርባ ምርመራ፣ የቲቢ ምርመራ፣ የክትባት ማስረጃ፣ የታካሚ ምስጢር ሥልጠና፣ ከዚያ ባጅ። የኩፍኝ ክትባታችሁ ማስረጃ አገር ቤት ቀርቶ ከሆነ አትጨነቁ፣ በደም ምርመራ ማሳየት ይቻላል። ጊዜ ግን ይወስዳል። ለዚህ ነው ከአደጋው በፊት ማለቅ ያለበት። ባጅ የሌለው ሰው አንቴና ይዞ በድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሲታይ የሚመጣለት ሴኩሪቲ ነው።

4. ቦርሳው

ገበያ ላይ ያለውን ሁሉ አትግዙ። ለመጀመሪያ ቀን የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ባንድ ያለው የእጅ ሬዲዮ፣ ቢያንስ አንድ ትርፍ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ባለ ቅንጥብ የመጻፊያ ሰሌዳ፣ ብዕርና ባትሪ መብራት ነው። ርካሽ የቻይና ሬዲዮዎች ከ50 ዶላር በታች ይገኛሉ፣ ለመለማመድ ይሆናሉ። ዋናው ነገር በጨለማም ቻናል መቀየር እስክትችሉ ሬዲዮአችሁን ማወቅ ነው።

የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ድንገተኛ ክፍል ጫጫታ ነው። ሬዲዮአችሁ ጮክ ብሎ የሚያወራውን ደግሞ በአልጋው ላይ ያለው በሽተኛም ቤተሰቡም ይሰማል።

ቀጥሎ አንቴና። ከሬዲዮው ጋር የሚመጣችው አጭር ጎማ በኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ደካማ ናት። ተጠቅልላ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ፣ መስኮት አጠገብ የምትሰቀል የሽቦ አንቴና ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። ከሆስፒታል ውጭ ካለው ዓለም ጋር የሚገናኘው ጣቢያ ግን ጣሪያ ላይ የተተከለ ቋሚ አንቴና ያስፈልገዋል። ያንን የሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ፈቅዶ ራሱ ቢያስተክለው ነው የሚሻለው።

መኪና ላይ የሚገጠም ባለ 50 ዋት ሬዲዮ ካላችሁ ከሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ጋር ሣጥን ውስጥ አስተካክሉት። የኤሌክትሪክ ማያያዣው አንደርሰን ፓወርፖል ይሁን። ኤሪዝ ውስጥ የተለመደው እሱ ስለሆነ የእናንተ ባትሪ ሲያልቅ የጎረቤታችሁ ይገጥማል። ሕንፃ ውስጥ ደግሞ 50 ዋት አትጠቀሙ፤ ዝቅተኛውን ኃይል ምረጡ። ባትሪም ይቆጥባል፣ የሕክምና መሣሪያ የመረበሽ ዕድሉንም ይቀንሳል።

5. ሕንፃውን በእግር እወቁት

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ልምምድ ይህ ነው፣ ብዙ ቡድኖች ግን አይሠሩትም። ከአንድ ጓደኛ ጋር፣ በሆስፒታሉ ፈቃድ፣ በሰላሙ ቀን ፎቅ በፎቅ ዙሩ። አንዱ ኮማንድ ፖስት በሚሆነው ክፍል ይቀመጥ፣ ሌላው በየክፍሉ ቆሞ ይጥራ። የት እንደሚሰማና የት እንደማይሰማ በሕንፃው ንድፍ ላይ ምልክት አድርጉ።

የምታገኙት ነገር ያስገርማል። ራዲዮሎጂ ክፍል ግድግዳው ውስጥ እርሳስ ስላለ ሞገዱን ይውጠዋል። ምድር ቤት ያለው ፋርማሲ አይሰማም፣ በሩን አልፋችሁ ደረጃው ጋ ስትቆሙ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሕንፃ ውስጥ ዩኤችኤፍ ብዙ ጊዜ ከቪኤችኤፍ የተሻለ ይሠራል፤ ሁለቱንም ሞክሩ። ሪፒተሩ ሊጠፋ ስለሚችል ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ በቀጥታ፣ በሲምፕሌክስ፣ መነጋገርንም ፈትኑ።

ሁለት ክልክል ነገር። ኤምአርአይ ክፍል ሬዲዮ ይዛችሁ በፍጹም አትግቡ። ማግኔቱ ሁልጊዜ በርቶ ነው ያለው፣ ከእጃችሁ ነጥቆ ሊወስደው ይችላል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥም፣ ሰው ከማሽን ጋር በተያያዘበት አልጋ ዳር ሆናችሁ የመናገሪያውን ቁልፍ አትጫኑ። ወደ ኮሪደር ውጡ፣ ርቀቱን በተመለከተም የሆስፒታሉን ደንብ ተከተሉ።

6. መልእክት እንዴት ይተላለፋል

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መልእክቱን የሚጽፈው ኦፕሬተሩ አይደለም። ነርሷ ወይም ሐኪሙ በራሱ እጅ አይሲኤስ-213 በሚባለው ቅጽ ላይ ይጽፋል፣ ይፈርማል። እናንተ እንዳለ ታነባላችሁ። «ይህን ማለቷ ነው» ብላችሁ አታሳጥሩ። ግልጽ ካልሆነ ከመላካችሁ በፊት ጠይቋት።

በአየር ላይ በየክፍሉ ስም ነው የምትጠራሩት፦ «ኢአር»፣ «ብለድ ባንክ»፣ «ፋርማሲ»፣ «ኮማንድ»። ይህ ታክቲካል ስም ይባላል። ኦፕሬተሩ በሽፍት ቢቀየርም ስሙ አይቀየርም። ሕጉ የሚጠይቀውን ኮል ሳይናችሁን ግን ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በመጨረሻ ላይ መናገር አለባችሁ።

አንድ መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንይ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው የሚሆነው፣ መልኩ ግን ይህ ነው፦

«ብለድ ባንክ፣ ኢአር ነኝ። ፕራዮሪቲ መልእክት አለኝ።»
«ኢአር፣ ብለድ ባንክ። ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ፣ ቀጥል።»
«መልእክት ቁጥር 7። ኦ ኔጌቲቭ ደም፣ 15 ዩኒት፣ ቁጥሩ አንድ አምስት። ብሬክ።»

እዚህ ጣታችሁን ከቁልፉ ላይ ታነሣላችሁ። ተቀባዩ በእጁ እየጻፈ ነው። «ቀጥል» ሲል፦

«ወደ ትራውማ ክፍል 2 ይላክ። የላከችው የኢአር ኃላፊ ነርስ። ሰዓት 14፡20። ኦቨር።»

ተቀባዩ ሙሉውን መልሶ ያነባል። ልክ ከሆነ «ትክክል ነው» ትላላችሁ፣ ሁለታችሁም ሰዓቱን ትጽፋላችሁ። ካልተመለሰ አልደረሰም ማለት ነው።

«አንድ አምስት» የሚለው ለምን ተደገመ? በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በሬዲዮ ላይ አይለዩም። አሜሪካኖቹም ይሳሳቱበታል። የእኛ ቅላጼ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ስለዚህ ማንኛውንም ቁጥር አንድ ጊዜ በሙሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ አኃዝ በአኃዝ በሉት፦ «ዋን ፋይቭ»፣ «ፋይቭ ዚሮ»። ፊደልም እንዲሁ። «ፒ» እና «ቢ»፣ «ቢ» እና «ቪ» ለእኛ ሰው ጆሮም አፍም ፈተና ናቸው። «ፓፓ»፣ «ብራቮ»፣ «ቪክተር» ስትሉ ግን ቅላጼ የሚባል ነገር ይጠፋል። የፊደል መጥሪያውን ሙሉ ዝርዝር በቃላችሁ ያዙ፣ መኪና ስትነዱ የፊታችሁን ታርጋ እያነበባችሁ ተለማመዱ። ሰዓትን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። «ከቀኑ ስምንት ሰዓት» በቤታችን ልማድ 14፡00 ነው፣ እዚያ ቅጽ ላይ ግን 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጧት ይሆናል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሴኮንድ ያህል ጠብቁና ተናገሩ። ሪፒተሩ እስኪነቃ ድረስ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። የተቆረጠው ቃል «አትላኩ» ውስጥ ያለው «አት» ሊሆን ይችላል።

7. የታካሚ ምስጢር

የሃም ሬዲዮን ማንም ርካሽ ሬዲዮ ያለው ሰው ይሰማል። መልእክቱን መደበቅ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ትርጉሙን ለመሰወር በኮድ መላክ አይቻልም። ስለዚህ የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፦ ሰውን የሚያሳውቅ ነገር በአየር ላይ አለማውጣት። ስም፣ የልደት ቀን፣ ስልክ፣ የበሽታ ስም ከክፍል ቁጥር ጋር አይባልም። ስለ አንድ ታካሚ የግድ መነጋገር ካስፈለገ ሆስፒታሉ ቀድሞ የተስማማበትን መንገድ ተከተሉ። የአደጋ ጊዜ የትሪያዥ (ተጎጂዎችን እንደ ጉዳታቸው መለያ) ካርድ ቁጥር አንዱ ነው።

ነርሷ በስም የጻፈችውን ስትሰጣችሁ «ይህን በሬዲዮ መላክ አልችልም» የማለት ግዴታ አለባችሁ። ያኔ ወረቀቱን በእግሩ የሚያደርስ ሰው ጠይቁ። ብዙ ኦፕሬተር ሬዲዮውን ስለሚወድ ይህን ይረሳል፤ ሁለት ፎቅ ደረጃ መውጣት ከሬዲዮ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

በሕንፃው የሚሰሙ የኮድ ቀለሞችንም እወቁ። ኮድ ብሉ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የቆመ ሰው ነው፣ ኮድ ሬድ እሳት። የቀሩት ግን ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያሉ። ባጁ ጀርባ ላይ የታተመ ካርድ ካላቸው ውሰዱ።

8. እናንተ ራሳችሁ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ከሆናችሁ

ይህ ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። ሕጉ በአማተር ሬዲዮ ለክፍያም ሆነ ለአሠሪ ጥቅም መነጋገርን ይከለክላል። በ2010 ግን ለየት ያለ ፈቃድ ተጨመረበት፦ ሠራተኛ ለአደጋ ዝግጁነት ልምምድ አሠሪውን ወክሎ መነጋገር ይችላል። መንግሥት ያላዘጋጀው ልምምድ ከሆነ በሳምንት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እስከ 72 ሰዓት ይፈቀዳል። የሰው ሕይወት አፋጣኝ አደጋ ላይ ወድቆ ሌላ መገናኛ ከሌለ ደግሞ ሕጉ አይከለክላችሁም።

እኔ የምመክረው ግን ሌላ ነው። ነርስ ከሆናችሁ በአደጋ ቀን ሆስፒታላችሁ የሚፈልጋችሁ በነርስነታችሁ ነው። ሬዲዮ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሊያገኙ ይችላሉ፣ የደም ሥር የሚያገኝ እጅ ግን አይበዛም። ስለዚህ ወይ ሌላ ሆስፒታል አገልግሉ፣ ወይ በራሳችሁ ሆስፒታል ውስጥ ሬዲዮ ሰዎቹን ከክፍሉ ጋር የሚያስተዋውቅ ሰው ሁኑ። ሁለተኛው ብዙም አይታወቅለትም፣ ግን ይጠቅማል።

9. የተጠራችሁ ቀን

ካልተጠራችሁ አትሂዱ። በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ ቀይ መስቀል 50 ኦፕሬተር የጠየቀው በኤአርአርኤል በኩል ነበር፣ የሄዱትም ተመርጠው ነው። በ2024 የአውሎ ነፋስ ሄለን ጎርፍ ምዕራብ ሰሜን ካሮላይናን ሲያጥለቀልቅ ደግሞ በማውንት ሚቸል ተራራ ላይ ያለው ሪፒተር ለብዙ ሰው ዋና መስመር ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ የጠቀመው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ መልእክት እያቀበለ የዋለ ሰው ነው። ቤት ሆኖ ማዳመጥም ሥራ ነው።

ስትጠሩ መጀመሪያ ቤተሰባችሁን አስተካክሉ። ልጅ ማን ይይዛል፣ መድኃኒት አለ ወይ፣ መኪናው ነዳጅ አለው ወይ። ቤቱ ያልተረጋጋ ሰው ሬዲዮ ላይ ቀልቡ አይሰበሰብም። ለ12 ሰዓት የሚሆን ምግብና ውሃ ያዙ፣ የሆስፒታሉ ካፌ አይከፈት ይሆናል።

ስትደርሱ ባጃችሁን አሳይታችሁ ኮማንድ ፖስት ፈርሙ። ማን እንደሚያዝዛችሁ፣ የት እንደምትቆሙ፣ በየትኛው ቻናል እንደምትሠሩና መቼ እንደምትቀየሩ ጠይቁ፣ ጻፉት። ከዚያ ወደ ክፍላችሁ ሄዳችሁ ኃላፊዋን ነርስ አግኙና አጭር አድርጋችሁ ንገሯት፦ «ለደም ባንክ፣ ለፋርማሲና ለኮማንድ መልእክት አደርስልሻለሁ። እዚህ ቅጽ ላይ ጻፊልኝ፣ የታካሚ ስም አታስገቢ።» ቅጹን እጇ ላይ አስቀምጡላት። በጭንቅ ሰዓት ሬዲዮ ሰው መኖሩን እንኳ ስለሚረሱ፣ እስኪያዩዋችሁ ድረስ ዓይናቸው ሥር ቁሙ፣ መተላለፊያ ግን አትዝጉ።

ስልኩ ሲመለስ ቦርሳችሁን ሸክፋችሁ አትውጡ። ስልክ ተመልሶ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ኮማንድ ፖስት «ተሰናብታችኋል» እስኪል ቆዩ፣ የመልእክቶቹን ቅጂና መዝገባችሁን አስረክቡ፣ የመውጫ ሰዓታችሁን ፈርሙ። ቤት ስትገቡ ከመተኛታችሁ በፊት ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ ሰኩ።